ከመጀመሪያው ይልቅ የቀጠለው፦ የመሣሪያ፣ የምልክትና የጽሕፈት አመጣጥ

ስለ ጥንታዊው የሰው ልጅ የሚወጡ ዜናዎች አብዛኛውን ጊዜ ርዕሳቸው ተመሳሳይ ነው፤ የመጀመሪያው መሣሪያ፣ የመጀመሪያው ሥዕል ወይም የመጀመሪያው ጽሕፈት ተገኘ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆኑት የኬንያ የድንጋይ መሣሪያዎች የመሣሪያን ታሪክ በአንድ ጊዜ በ700,000 ዓመት ወደ ኋላ ገፉት። በ2024 ደግሞ በኢንዶኔዥያዋ የሱላዌሲ ደሴት የሚገኝ አንድ የዋሻ ሥዕል ቢያንስ 51,200 ዓመት እንዳስቆጠረ የሚገልጽ ጥናት ወጣ። በዚያው ዓመት በሶርያ፣ ኡም ኤል መራ በተባለው ጥንታዊ ከተማ ከተቆፈረ መቃብር የተገኙ ትንንሽ የሸክላ ዘንጎች የተጫሩባቸው ምልክቶች ፊደል ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ዕድሜያቸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 2400 ይጠጋል የሚል ሐሳብ ቀርቦ በባለሙያዎች መካከል እስከ ዛሬ ያልተቋጨ ክርክር አስነሥቷል።

እነዚህ ግኝቶች ትልቅ ዋጋ አላቸው። ነገር ግን ዓይናችንን «መጀመሪያ» በሚለው ላይ ብቻ ስንተክል ከዚያ የሚከብደውን ጥያቄ እናልፈዋለን። አንድ ብልህ ፍጡር አንድ ቀን ድንጋይ ፈልጦ፣ ወይም ዛጎል ላይ መስመር ጭሮ ሊሞት ይችላል፤ ሥራው የሰው ልጅ ታሪክ አካል የሚሆነው ሌላው ዓይቶ ሲደግመው፣ ከዚያም ለሚቀጥለው ትውልድ ሲያስተላልፈው ነው። የመሣሪያን፣ የምልክትንና የጽሕፈትን አመጣጥ አንድ ላይ ስመረምር ሦስቱንም የሚያገናኘው ክር ይህ ሆኖ አገኘዋለሁ። ሦስቱም ብዙ ጊዜ ብቅ ብለው ጠፍተዋል፤ የጸኑት ደግሞ ማስተማርና መማር ሥር በሰደደበት ቦታ ነው።

ከድንጋይ እንጀምር። ድንጋይ የሚፈልጥ ሰው በአንድ እጁ ጠንካራና ድቡልቡል የወንዝ ድንጋይ እንደ መዶሻ ይይዛል፣ በሌላው እጁ የሚፈለጠውን ድንጋይ እያገላበጠ የሚመታበትን ጠርዝ ይመርጣል። የጠርዙ ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ያነሰ መሆን አለበት፤ ምቱም ከጠርዙ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ማረፍ ይኖርበታል። ወደ ጫፉ ከቀረበ ጠርዙ ይደቅቃል፣ ከራቀ ድንጋዩ ንቅንቅ አይልም። በትክክል የተመታ ድንጋይ ግን እንደ ምላጭ የሰላ ቀጭን ስንጣሪ ይለቃል፤ በስንጣሪው የውስጥ ገጽም ምቱ ካረፈበት ነጥብ ሥር ጎበጥ ያለች ትንሽ እብጠት ትቀራለች። ተመራማሪዎች ፀሐይና ውርጭ የሰነጠቁትን ድንጋይ ሆን ተብሎ ከተፈለጠው የሚለዩት በዚህች እብጠትና ከአንድ ድንጋይ ላይ በተከታታይ በተላቀቁት ስንጣሪዎች ጠባሳ ነው።

በአፋር ክልል፣ ጎና በተባለው ቦታ ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቹ ያገኟቸውና በ1997 ይፋ የሆኑት የ2.6 ሚሊዮን ዓመት መሣሪያዎች ይህን ችሎታ በግልጽ ያሳያሉ። ሠሪዎቹ ለመፈለጥ የሚመች ድንጋይ ከወንዝ ዳር መርጠዋል፤ አመታታቸውም የለማጅ አይመስልም። በአቅራቢያው በሌዲ ገራሩ የተገኙትና በ2019 የታወቁት መሣሪያዎችም ወደዚሁ ዘመን ይጠጋሉ። ለሃያ ዓመት ገደማ የታሪኩ መነሻ ጎና ነው ተብሎ ሲታሰብ ቆይቶ፣ ከቱርካና ሐይቅ በስተ ምዕራብ፣ ሎሜክዊ በተባለው ቦታ በሶንያ ሃርማንድና በጄሰን ሉዊስ የሚመራው ቡድን 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ መሣሪያዎችን አገኘ። እነዚህ ከጎናዎቹ በጣም የሚተልቁ ናቸው፤ አንዳንዶቹ 15 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናሉ። ሠሪዎቹ ድንጋዩን በሁለት እጅ አንሥተው መሬት ላይ ካለ ሌላ ድንጋይ ጋር ያላትሙት እንደነበር ይገመታል። በዚያ ዘመን ደግሞ ሆሞ ተብሎ የሚጠራው የእኛ ወገን ስለመኖሩ የሚያሳይ ቅሪተ አካል የለም፤ የዚህ ወገን ጥንታዊው መረጃ በሌዲ ገራሩ የተገኘው የ2.8 ሚሊዮን ዓመት መንጋጋ ነው። ስለዚህ መሣሪያ ሠሪነት የእኛ ወገን ብቻ መለያ ነው የሚለው የቆየ እምነት ከመሠረቱ ተናግቷል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብራዚል የሴራ ዳ ካፒቫራ ብሔራዊ ፓርክ የሚኖሩ ካፑቺን ጦጣዎች ድንጋይን ከድንጋይ ጋር ሲያጋጩ ሳያስቡት ስለታም ስንጣሪ እንደሚያወጡ በ2016 ታይቷል፤ በታይላንድ የዘንባባ ፍሬ የሚሰብሩ ማካክ የሚባሉ ጦጣዎችም እንዲሁ። ጦጣዎቹ ስንጣሪዎቹን አንሥተው አይጠቀሙባቸውም። በኮትዲቯር የታይ ደን ቺምፓንዚዎች ደግሞ ቢያንስ ከ4,300 ዓመት በፊት ጀምሮ ፍሬ በድንጋይ ይሰብሩ እንደነበር በቁፋሮ ተረጋግጧል። ስለዚህ ስንጣሪ መገኘቱ ብቻውን ሐሳብን አያስረዳም፤ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደተሠራበትና ምን ያህል ጊዜ እንደተደጋገመ መታየት አለበት።

በቅርቡ የወጡት ጥናቶች ትልቁን ድጋፍ የሚሰጡት ለዚህ ነው። በኬንያ የሆማ ልሳነ ምድር ላይ በሚገኘው ኒያያንጋ ከ2.6 እስከ 3 ሚሊዮን ዓመት በሚገመት ንብርብር ውስጥ የድንጋይ መሣሪያዎች ከተበለተ ጉማሬ አጥንት ጋር ተገኝተዋል፤ በ2025 የወጣ ጥናት ደግሞ ለመሣሪያ ከዋሉት ድንጋዮች አንዳንዶቹ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ተሸክመው እንደመጡ አሳይቷል። ይህ ማለት ሥራው ከሚሠራበት ሰዓት አስቀድሞ የሚያስብ አእምሮ ነበረ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ናሞሮቱኩናን ከተባለው የቱርካና አካባቢ ቦታ የቀረበው ውጤት ከሁሉም በላይ ትኩረቴን ስቦታል። እዚያ ከ2.75 እስከ 2.44 ሚሊዮን ዓመት ባሉ ሦስት የተለያዩ ንብርብሮች ውስጥ አንድ ዓይነት የአሠራር ዘዴ ተገኝቷል፤ አካባቢው በዚህ ጊዜ ውስጥ እየደረቀና በእሳት እየተቃጠለ ሲለዋወጥ መሣሪያው ግን አልተለወጠም። 300,000 ዓመት ማለት ከ10,000 በላይ ትውልድ ነው። በሎሜክዊና በጎና መካከል ያለው ረጅም ክፍተት የሚናገረው ስለ መቋረጥ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ገና ስላልተቆፈረ መሬት፤ ናሞሮቱኩናን ግን የሚያሳየን በማያሻማ ሁኔታ መተላለፍን ነው።

ይህ እንዴት ተላለፈ? በ2015 ታትሞ በወጣ አንድ ሙከራ 184 ሰዎች ድንጋይ መፈለጥን በተለያየ መንገድ እንዲማሩ ተደርጓል፤ አንዳንዶቹ የተሠራውን ስንጣሪ ብቻ አይተው፣ አንዳንዶቹ ሠሪውን ተመልክተው፣ ሌሎቹ በእጅ ምልክት፣ የቀሩት በንግግር። ተመልክቶ መኮረጅ ብዙም አልጠቀመም፤ ማስተማር፣ በተለይም በቃል ማስተማር፣ ውጤቱን በእጅጉ አሻሻለው። የዛሬ ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራ ስለ ጥንቱ ቀጥተኛ ምስክር አይሆንም፤ ሆኖም አስተማሪ ለመሣሪያ ታሪክ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ይጠቁማል። የእጅ መጥረቢያ የሚባለው፣ በሁለት ገጽ የተጠረበው መሣሪያ በኮንሶ ከ1.75 ሚሊዮን፣ በቱርካና ምዕራብ ደግሞ ከ1.76 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከታየ በኋላ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ በብዙ አህጉራት ሲሠራ ኖሯል። በ2024 የወጣ አንድ ጥናት በ3.3 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ የተሠሩ የድንጋይ መሣሪያዎችን የአሠራር ደረጃዎች ቆጥሮ ሲያነጻጽር፣ ውስብስብነቱ በፍጥነት መጨመር የጀመረው ከ600,000 ዓመት በፊት ገደማ ሆኖ አግኝቶታል። አንድ ሰው በራሱ ጥረት በዕድሜው ሊደርስበት የማይችለው ዕውቀት ተከማችቶ መተላለፍ የጀመረው ያኔ ነው የሚለው የአጥኚዎቹ ትርጓሜ አሳማኝ ነው።

ምልክት ከመሣሪያ የሚለይበት አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። ስለታም ድንጋይ ማንም ባይስማማበትም ሥጋ ይቆርጣል፤ ምልክት ግን ቢያንስ ሁለት ሰዎች ካልተስማሙበት ጭረት ብቻ ነው። ለዚህ ነው ነጠላ ግኝቶች የሚያስቸግሩን። የቅሪተ አካል ፈላጊው ዩጂን ዱቦይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከጃቫ ደሴት ከሰበሰባቸው ዛጎሎች መካከል አንዱ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚሰበር (ዚግዛግ) መስመር ተጭሮ መገኘቱ በ2014 ይፋ ሆኗል፤ ዕድሜው ከ430,000 እስከ 540,000 ዓመት ይገመታል። ሠሪው ሆሞ ኢሬክተስ የተባለው፣ ከእኛ በፊት የነበረ የሰው ዝርያ መሆን አለበት። መስመሩ ሆን ተብሎ በጠነከረ እጅ የተሠራ ነው። አጠገቡ ግን አምሳያ የለውም፤ ስለዚህ ለማን ምን ይል እንደነበር ለመናገር መነሻ አናገኝም።

ወደ ደቡብ አፍሪካ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። በብሎምቦስ ዋሻ ቀይ አፈር የተፈጨባቸውና የተቀመጠባቸው የ100,000 ዓመት ዛጎሎች፣ የተበሱ ትንንሽ የቀንድ አውጣ ዛጎሎች፣ የተጠላለፉ መስመሮች የተጫሩባቸው የቀይ አፈር ቁርጥራጮች፣ እንዲሁም በ73,000 ዓመት የድንጋይ ስንጣሪ ላይ በቀይ አፈር የተሰመሩ ዘጠኝ መስመሮች ተገኝተዋል። የተጠላለፈው ቅርጽ በድንጋይም በአፈርም ላይ መደጋገሙ ልማድ እንደነበረ ይመሰክራል። ከዚህም የበለጠ የሚያስደንቀኝ በዲፕክሉፍ የተገኘው ነው። እዚያ ወደ 60,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ባለው ንብርብር ውስጥ የተጫሩ የሰጎን እንቁላል ቅርፊቶች በመቶዎች ተለቅመዋል፤ እንቁላሎቹ ጫፋቸው ተበስቶ ውኃ መያዣ ሆነው ሳያገለግሉ አልቀሩም። ጭረቶቹ እንደ ፍላጎት የተሠሩ አይደሉም። ሁለት ረጃጅም መስመሮችና በመካከላቸው በአጫጭር ጭረቶች የተሞላ ቀበቶ በብዛት ይደጋገማል፤ ከዚህ የተለዩ ቅርጾችም ጥቂት ናቸው፣ ከንብርብር ወደ ንብርብርም ተራ በተራ ይተካካሉ። ብዙ እጆች አንድን ሕግ ጠብቀው ሲሠሩ የምናየው እዚህ ላይ ነው። በሞሮኮ ቢዝሙን ዋሻ የተገኙትና ከ142,000 ዓመት በላይ የሆናቸው 33 የዛጎል ዶቃዎችም ከዚሁ ጋር ይቆጠራሉ፤ ዶቃ የሚለበሰው ሌላ ሰው እንዲያየው ነውና።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን በደቡብ አፍሪካ እነዚህ ልማዶች በሺዎች ዓመታት ውስጥ ብቅ ይላሉ፣ ይደምቃሉ፣ ከዚያም ይጠፋሉ። ሰዎቹ አልደነዘዙም፤ አእምሯቸውም አልተለወጠም። ሕዝብ ሲያንስና ማኅበረሰቦች ሲራራቁ የሚያስተምርም የሚማርም ይቀንሳል የሚለው ማብራሪያ ለብዙዎች የሚዋጥ ሆኗል። ምልክት የእኛ ዝርያ ብቻ ሀብት ነው የሚለውም እንዲሁ እየከሰመ ነው። በጀርመን አይንሆርንሆሌ ዋሻ ኒያንደርታሎች፣ ዛሬ የጠፉት የቅርብ ዘመዶቻችን፣ ከ51,000 ዓመት በፊት በአጋዘን አጥንት ላይ በማዕዘን የተሰካኩ መስመሮችን ቀርጸዋል፤ በፈረንሳይ ላ ሮሽ ኮታር ዋሻ ግድግዳ ላይ በጣት የተሰመሩት መስመሮች ደግሞ ከ57,000 ዓመት በላይ ይሆናቸዋል። የሱላዌሲው ሥዕል ሰው መሰል ቅርጾችን ከከርከሮ ጋር አንድ ላይ በማሳየቱ ታሪክ የሚተርክ ሥዕል ነው ይባላል። በአውሮፓ ዋሻዎች ከእንስሳት ሥዕል አጠገብ የሚደጋገሙት ነጥቦች፣ መስመሮችና መሰላል መሰል ቅርጾች ምን ይሉ እንደነበር ብዙ ቢገመትም፣ እስካሁን የቀረቡት የቀን መቁጠሪያ ትርጓሜዎች ማስረጃቸው የላላ ነው።

ከቁጥር ወደ ጽሕፈት የሚወስደው መንገድም እንደዚሁ ረጅም ነው። በኮንጎ፣ ኢሻንጎ የተገኘው 20,000 ዓመት ገደማ ያለው አጥንት ላይ በቡድን በቡድን የተከፈሉ ጭረቶች በሦስት ረድፍ ተቀርጸዋል፤ የሆነ ነገር ተቆጥሯል። ነገር ግን ቁጥር ያለበት ሁሉ ጽሕፈት አይደለም። ጽሕፈት የምንለው ምልክቱ ከአንድ ቋንቋ ጋር ተቆራኝቶ፣ ጸሐፊውን ያላየ አንባቢ ያንኑ ቃል ሲያወጣው ነው።

በምዕራብ እስያ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ8000 ገደማ ጀምሮ ትንንሽ የሸክላ ቅርጾች፣ ሾጣጣ፣ ድቡልቡልና ጠፍጣፋ፣ ለቆጠራ ያገለግሉ ነበር የሚለውን ሐሳብ በሰፊው ያራመደችው ዴኒስ ሽማንት ቤሰራት ናት። ከ3500 አካባቢ ጀምሮ እነዚህ ቅርጾች ባዶ በሆነ የጭቃ ኳስ ውስጥ እየታሸጉ ማኅተም ይደረግባቸው ጀመር፤ ውስጡ ያለው እንዲታወቅም በእርጥቡ ጭቃ ላይ ቅርጾቹ ይታተሙ ነበር። ላዩ ላይ ከተጻፈ ውስጡ ያለው አስፈላጊ አይደለም፤ ኳሱም ተደፍጥጦ ሰሌዳ ሆነ። ማብራሪያው ውብ ነው፤ ሆኖም ሁሉም ምልክት ከእነዚህ ቅርጾች አልመጣም። በ2024 የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጨርቅና በእንስራ ንግድ ይውሉ በነበሩ፣ በእርጥብ ጭቃ ላይ እየተንከባለሉ በሚያትሙ ድቡልቡል ማኅተሞች ላይ ያሉ ሥዕሎች ከመጀመሪያዎቹ የጽሕፈት ምልክቶች አንዳንዶቹ ጋር እንደሚገጥሙ አሳይተዋል። ጽሕፈት ከብዙ ምንጭ የተቀዳ ነው ማለት ይቻላል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3300 እስከ 3000 ባለው ጊዜ በሜሶጶጣሚያ (በዛሬዋ ኢራቅ) በምትገኘው በኡሩክ ከተማ፣ ኢያና በተባለው ቅጥር ውስጥ የተጻፉት ሰሌዳዎች ከ5,000 በላይ ናቸው። አብዛኞቹ መዳፍ ውስጥ ይገባሉ። ጸሐፊው እርጥቡን ጭቃ በመስመር ከፋፍሎ በሸምበቆ ጫፍ ቁጥሩን ይጫናል፣ በሹል ጫፉ ደግሞ የዕቃውን ምልክት ይስላል፤ ጀርባው ላይ ድምሩ ይቀመጣል። ቁጥሩ ራሱ እንደሚቆጠረው ነገር ይለዋወጣል። ሰው ወይም በግ ሲቆጠር ክቧ ምልክት አሥር ትናንሽ ጭረቶችን ትተካለች፤ ገብስ ሲሰፈር ግን ያችው ክብ ስድስት ብቻ ናት። ሳይማር ይህን ማንበብ የሚችል አልነበረም። ለዚህም ነው ከሰሌዳዎቹ 15 በመቶ ያህሉ ሒሳብ ያልሆኑት፤ የሙያ፣ የእንስሳት፣ የዕቃና የከተማ ስሞች ተደርድረው የተጻፉባቸው የተማሪ መልመጃዎች ናቸው። የሙያዎቹ ዝርዝር ከ800 ዓመት ገደማ በኋላ በሶርያዋ ኤብላ ያንኑ ቅደም ተከተል ይዞ ሲገለበጥ እናገኘዋለን፤ በውስጡ ያሉት ብዙዎቹ ሹመቶች ያኔ ከተረሱ ቆይተው ነበር። ጽሕፈትን ያቆየው ይህ ዝርዝር ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ የመጋዘን ሒሳብ ለዓመቱ ካገለገለ በኋላ ይጣላል፣ የተማሪው ዝርዝር ግን አዲስ ጸሐፊ ያፈራል። ድምፅን መጻፍም ቀስ ብሎ ከዚሁ ልምምድ ወጣ፤ በአካባቢው ጥንታዊ ቋንቋ በሱመርኛ «ቲ» የሚለው ድምፅ ፍላጻም ሕይወትም ስለሚል፣ ሊሳል የማይችለውን ሕይወት በፍላጻ ሥዕል መጻፍ ተቻለ።

በግብፅ አቢዶስ ከአንድ ንጉሣዊ መቃብር የወጡት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 3200 የሚጠጉት የአጥንትና የዝሆን ጥርስ መለያዎች፣ በቻይና አንያንግ ከ1200 ገደማ የቆዩት የጥንቆላ አጥንቶች፣ እንዲሁም የመካከለኛው አሜሪካ ጽሑፎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። የቻይናውና የአሜሪካው ራሳቸውን ችለው ተፈጥረዋል፤ የግብፁ ያከራክራል። በሁሉም ዘንድ ግን ከጽሕፈቱ ጀርባ ቤተ መንግሥት ወይም ቤተ መቅደስ፣ የሚቀለብ ጸሐፊና የሚሠለጥን ተተኪ አለ።

ድጋፉ ሲፈርስ ጽሕፈቱም ይፈርሳል። የግሪክ ቤተ መንግሥቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ገደማ ሲቃጠሉ ሊኒያር ቢ የተባለው ጽሕፈት ከጥቂት ጸሐፊዎቹ ጋር ጠፋ፤ ግሪኮች እንደገና የጻፉት ከ400 ዓመት በኋላ በሌላ ፊደል ነው። ያ ፊደል የመጣው ደግሞ ከትልልቆቹ ከተሞች ውጭ ነበር። በሲና በረሃ በሰራቢት ኤል ካዲም፣ ፔሮዝ የተባለው ሰማያዊ የከበረ ድንጋይ ከሚወጣበት ማዕድን አጠገብ በ1905 የተገኙት ጽሑፎች የሚጠቀሙት 30 ገደማ በሚሆኑ ምልክቶች ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ምልክት ለአንድ ድምፅ ቆሟል። ለዚህ የዓመታት ሥልጠና አያስፈልግም። የፊንቄ፣ የግሪክ፣ የዕብራይስጥና የዐረብኛ፣ በደቡብ ዐረቢያ በኩልም የግዕዝ ፊደል ከዚህ ሥር የወጡ ናቸው። ለመማር የቀለለው ፊደል ቤተ መንግሥት ቢፈርስም ለመኖር ቻለ።

ከዚህ አንጻር ዛሬም ያልተነበበው የኢንዱስ ሸለቆ ጽሕፈት ችግሩ የት ላይ እንደሆነ ይታያል። በዛሬዋ ፓኪስታን በሚገኙት በሞሄንጆ ዳሮና በሐራፓ ጥንታዊ ከተሞች ከ2600 እስከ 1900 ከክርስቶስ ልደት በፊት ያገለገለው ይህ ጽሕፈት በሺዎች በሚቆጠሩ ማኅተሞች ላይ ይገኛል፤ በአማካይ ግን አንዱ ጽሑፍ ከአምስት ምልክት አያልፍም፣ ምልክቶቹ ቋንቋን የሚወክሉ አይደሉም የሚሉ ምሁራንም አሉ። በጥር 2025 የሕንዷ የታሚል ናዱ ግዛት ለሚፈታው የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት እንደምትሰጥ አስታውቃለች። ኮምፒውተር የምልክቶቹን ድግግሞሽ በፍጥነት ይቆጥራል፤ ነገር ግን በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ድንጋይ፣ ወይም አንድ የኢንዱስ ተማሪ ምልክቶቹን በቅደም ተከተል የተለማመደበት ሰሌዳ እስካልተገኘ ድረስ የሚቀርበውን መፍትሔ ትክክለኛነት መመዘን አይቻልም። ለፍለጋ የሚውለው ገንዘብና ጉልበት ከማኅተሞቹ ይልቅ ጸሐፊዎች ይማሩባቸው ወደነበሩት ቤቶችና ከነጋዴዎቻቸው ጋር ወደ ሜሶጶጣሚያ ወደተሻገሩት ሰነዶች ቢዞር የተሻለ ተስፋ አለው።